ታሪኩ መሀል ላይ ሲቆም

የምትጽፈው ልብ ወለድ መነሻውና መጨረሻው ተጽፎ መሀሉ እምቢ ካለህ፣ ትዕይንቶችህ አንዱ ሌላውን ስለማይወልዱ ይመስለኛል። እያንዳንዱን ትዕይንት በአንድ መስመር ጻፈው። ከዚያ በየመሀላቸው «በዚህ ምክንያት» የሚለውን አስገባ። አልገባ ያለበት ቦታ ላይ ነው ታሪኩ የተበጠሰው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እይ። በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ይገባል። በማስተማሩ ይቀራረባሉ፤ ይዋደዳሉ። እሷ የባላባት፣ እሱ የድሃ ልጅ በመሆኑ ፍቅሩ መደበቅ አለበት። የመጀመሪያውን ብታወጣው ቀጣዩ አይቆምም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ የጀማሪ ረቂቅ ሳነብ ደጋግሜ የማየው ነው። መሀሉን በአጋጣሚ አትሙላው። አጋጣሚ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ችግር ውስጥ ቢከተው አንባቢ ይቀበላል። ከችግር ሲያወጣው ግን መጽሐፉን ይዘጋዋል። መውጫውን ራሱ ይፈልገው፣ ዋጋም ይክፈልበት።