«በ30 ዲግሪ ጨመረ» ሲባል

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ፈተና ላይ «20 ዲግሪ ሴልሺየስ የነበረ ውሃ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ጨመረ። ይህ በኬልቪን ስንት ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች 303.15 ብለው መለሱ። እኔ የጠበቅሁት 30 ነበር። ጥፋቱ የሒሳብ ነው የአማርኛ? «ዲግሪ ኬልቪን» ማለትስ ያስኬዳል?

መልስ፦ መምህር፣ ልጆቹ መደመር አላቃታቸውም። ሴልሺየስ ወደ ኬልቪን ሲለወጥ 273.15 እንደሚደመር ያውቃሉ፤ 30 ሲያዩ ደመሩበት። ያሳታቸው አማርኛው ነው።

አንድ መንገደኛ «ከአዳማ ተነስቼ በ2 ሰዓት አዲስ አበባ ገባሁ» ቢልዎ ምን ይረዳሉ? ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ደረሰ ወይስ መንገዱ 2 ሰዓት ፈጀበት? ቃሉም ቁጥሩም አንድ ነው። አሁን ነገሩን በፈረንጆች አቆጣጠር እንናገር ብንል፣ የደረሰበት ሰዓት 6 ተደምሮበት 8 ይሆናል። መንገዱ የፈጀው 2 ሰዓት ግን በማንም አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው፤ 6 የሚደመርበት ምክንያት የለም። የሴልሺየስና የኬልቪን ዝምድናም ልክ እንዲሁ ነው፤ መቁጠር የሚጀምሩበት ቦታ ይለያያል እንጂ እርምጃቸው እኩል ነው። የ30 ዲግሪ ጭማሪ 30 ኬልቪን ነው። ውሃው የደረሰበት 50 ዲግሪ ግን 323.15 ኬልቪን ይሆናል።

«በ» ሁለቱንም ይሸከማል። «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ስንል ልኩን መጠቆማችን ነው (እናንተ ጋ፣ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ፣ 95 እንኳ ሳይሞላ ይፈላል)። «በ30 ጨመረ» ስንል ደግሞ ልዩነቱን ነው። የሚለየው ግሡ ነው። እርስዎ «ጨመረ» ማለትዎ ትክክል ነበር፤ ችግሩ ቀጥሎ የመጣው «ይህ» ነው። ጭማሪውን ይሁን የደረሰበትን ልክ አይናገርም።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። «ዲግሪ ኬልቪን» ድሮ ይባል ነበር። የዓለም የልኬት ጉባኤ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1968 ባካሄደው ስብሰባ «ዲግሪ»ውን አስቀርቶ «ኬልቪን» ብቻ እንዲባል ወስኗል። እኔም ውሳኔውን በአማርኛችን ብንጠብቀው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ቁም ነገር አለው። የሴልሺየስ ዜሮ ውሃ የሚረጋበት ልክ ነው፤ ከሱ በታችም ቅዝቃዜ አለ። የኬልቪን ዜሮ ግን ከሱ በታች ሌላ የሌለው ፍጹም ዜሮ ነው። ስለዚህ ኬልቪን እንደ ሜትር፣ እንደ ኪሎ ይቆጠራል፤ «300 ሜትር» እንደምንል «300 ኬልቪን» እንላለን። «እጥፍ» የሚለው ቃል ጥሩ መፈተኛ ነው። 40 ዲግሪ ሴልሺየስ የ20 ዲግሪ እጥፍ ይመስላል፤ ወደ ኬልቪን ሲለወጡ ግን 313.15 እና 293.15 ናቸው፣ ገና ሩቅ ነው።

አንድ ልጨምር፦ «ሙቀቱ» ባሉት ቦታ «መጠነ ሙቀቱ» ቢሉ ይሻላል። ሙቀት ወደ ውሃው የሚገባው ነው፤ ቴርሞሜትሩ የሚያነበው መጠነ ሙቀትን ነው።

ጥያቄው እንዲህ ቢጻፍ፦ «20 ዲግሪ ሴልሺየስ የነበረ ውሃ መጠነ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ጨመረ። ሀ) ጭማሪው ስንት ኬልቪን ነው? ለ) ውሃው አሁን ስንት ኬልቪን ላይ ነው?»