«ሰሃኑን ለይተንበታል»፦ ከአሮጌ የኒውክሌር ጣቢያ የተመለሰው ወንድምና ሳሉ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ታላቅ ወንድሜ እንግሊዝ አገር በአንድ አሮጌ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ውስጥ ስድስት ዓመት በጽዳት ሠርቶ ወደ ደሴ ከተመለሰ አምስት ወሩ ነው። ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ነጭ ቱታ ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ካየን ወዲህ ቤቱ ሁሉ ፈርቷል። ሁለት ወር ሙሉ ያስለዋል፣ ከስቷል። እናታችን ሰሃንና ብርጭቆውን ለይታበታለች፤ ጨረሩን ያጥብልሃል እያለች ጠዋት ጠዋት ጥሬ ወተት ትሰጠዋለች። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ሁለት ጊዜ ገዝቶ ጨርሷል። ያ ልብስ ከጨረር ያድናል ወይ? የአራት ዓመት ልጄ ከእሱ ጋር ነው የምትተኛው።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ልብሱ ነው፤ ያስጨነቀዎት ግን የልጅዎ ነገር ነው። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር። ከአጎቷ ጨረር አይጋባባትም። ጨረር ያለፈበት ሰው ራሱ ጨረር አይረጭም፤ ራጅ ተነስተው እንደወጡ ልጅዎን ያቅፉ የለ? እንደዚያው ነው። ከሰው ወደ ሰው ሊሄድ የሚችለው በቆዳና በልብስ ላይ ያረፈ የተበከለ አቧራ ነው፤ ነጩ ቱታም የሚለበሰው ለዚሁ ነው።

እናትዎ ምድጃ አጠገብ በርበሬ ሲወቅጡ አፍንጫቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ነጠላው ብናኙን ይይዛል፤ የእሳቱን ወላፈን ግን አያስቀርም። ቱታውም እንዲሁ ነው። ጋማ የሚባለው ጨረር ጨርቁንም ፕላስቲኩንም አልፎ ይሄዳል። ከእሱ የሚያድነው ቶሎ ሠርቶ መውጣት፣ መራቅ፣ ወፍራም የእርሳስ ብረት ወይም የኮንክሪት ግድግዳ ነው። ደረት ላይ የምትንጠለጠለው መለኪያ ስንት እንዳረፈበት ትቆጥራለች። ለሠራተኛ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (ሰውነት ያገኘው የጨረር መጠን መለኪያ) ነው። ማንኛውም ሰው ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ያገኛል፤ ደሴ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ከሰማይ የሚመጣው ከአሰብ ይበልጥባታል።

ከሥራ ሲወጡ ቱታው እንዴት እንደሚወልቅ ራሱን ይጠይቁት። ጓንቱን የውስጡን ወደ ውጭ እየገለበጡ ያወልቃሉ። የአንዱን እግር የጫማ ሽፋን አውልቀው ያንን እግር የተበከለውን ከንጹሑ ቦታ ከሚለየው መከለያ ማዶ ያሳርፋሉ፤ ከዚያ ሌላውን። በመጨረሻ እጅና እግር የሚፈትሽ ማሽን ላይ ይቆማሉ። ማሽኑ ከጮኸ ታጥቦ እንደገና መፈተሽ ነው እንጂ ወደ ቤት መሄድ የለም። ቱታው እዚያው ቀርቷል፤ ደሴ የመጣው ፎቶው ነው።

አሁን ወደ ወተቱ። ይህ ነገር ከልቤ ያንገበግበኛል፤ ቀለም ቀቢውም፣ ብየዳ ሠራተኛውም፣ ሲሚንቶ የሚያራግፈውም «ወተት መርዝ ያጥባል» እያለ ሳንባውን ሳይሸፍን ይውላል። ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አቧራ ጋር የሚገናኝበት መንገድ የለውም። ያለፈን ጨረር ደግሞ ምንም አያጥበውም። እንዲያውም በኒውክሌር አደጋዎች ወተት ራሱ መርዝ ተሸካሚ ሆኖ ያውቃል። በ1957 እ.ኤ.አ. እዚያው እንግሊዝ፣ ዊንድስኬል በሚባል ቦታ የኒውክሌር ምድጃ (ሬአክተር) ተቃጥሎ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ አካባቢ የታለበ ወተት ለሳምንታት ተደፍቷል፤ ላሞቹ አዮዲን 131 የሚባል ጨረር የሚረጭ ንጥረ ነገር ያረፈበትን ሣር ግጠው ነበርና። በ1986 እ.ኤ.አ. ከቼርኖቤል የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ ግን ልጆች እንዲህ ያለውን ወተት ጠጡት፤ ከዓመታት በኋላ በልጅነታቸው በተጋለጡ በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ የታይሮይድ ካንሰር ታየ። የእናንተ ላም ሣር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ጥሬ ወተት ግን ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ከከብት የሚመጣ የትኩሳት በሽታና የከብት ቲቢ ያስይዛል። እናትዎን አይቆጧቸው፣ ወተቱን የሚሰጡት በፍቅር ነው፤ ብቻ ይፈላ።

እኔ ግን በእናንተ በልጆቻቸው እቆጣለሁ። ሁለት ወር እያሳለው የከሳ ሰው አክታውን ሳያስመረምር እንዴት ሁለት ዙር አሞክሳሲሊን ይውጣል? አሞክሳሲሊን ቲቢን አያድንም። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው አክታ ይመረመራል፤ ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ ትናገራለች። እናንተ ሳሉን ለጨረር ሰጥታችሁ ሁለት ወር አሳለፋችሁ። ቲቢ ነው አላልኩም፤ ግን አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ቲቢ ነው የማየው። ቲቢ ደግሞ በሰሃንና በብርጭቆ አይተላለፍም፤ በተዘጋ ክፍል፣ በትንፋሽ ነው። ሰሃኑን ለይታችሁ ልጅቷን አጠገቡ አስተኛችኋት!

ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂድ። የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው፤ ከተገኘበትም አብዛኛው ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ስድስት ወር ወስዶ ይድናል። ደም ከተፋ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት። የት ይሠራ እንደነበር ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር፤ በአሮጌ ጣቢያዎች ቧንቧ የሚሸፈነው ሳንባ በሚጎዳው አስቤስቶስ ነበር። የጨረር መዝገቡ ወረቀት ካለውም ይያዝ።

ልጅዎ ከዛሬ ማታ ጀምሮ እርስዎ ጋ ትተኛ። የደሴ ብርድ መስኮት እንደሚያዘጋ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቀን ቀን ይከፈት፣ እሱም ሲያስል አፉን ይሸፍን። ቲቢ ከተገኘበት ልጅቷንም ወዲያው ይዘው ይሂዱ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተመርምሮ በሽታው ከሌለበት መከላከያ መድኃኒት ይጀመርለታል። ሰሃኑን ግን ዛሬውኑ ይመልሱለት።