ደም መጣጩ ሳይመጣ አታስፈራሩን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ የምንማር ሦስት ጓደኛሞች ነን። ድምፅ አልባውን የጀርመን የደም መጣጭ ፊልም "ኖስፌራቱ"ን ደሴ ላይ በአንድ አዳራሽ ልናሳይ ነው። ሙዚቃውን እዚያው ቁጭ ብለን እንጫወታለን። ያለን ማሲንቆ፣ ኪቦርድና ከበሮ ነው። ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ያን ሁሉ ጊዜ ምን እንጫወት? ሰው እንዳይስቅብንም ፈርተናል።
ሰ. ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ፣ እኛም ተስቆብን ነው የተማርነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ነጭ አንሶላ ወጥረን ይህንኑ ፊልም አሳየን። ኪቦርዱ ላይ እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ ባልየው ለሚስቱ አበባ ይሰጣል አይደል? እኔ ሆዬ ወፍራሙን ድምፅ አንጎደጎድኩት። ከኋላ አንዱ "ምነው፣ አበባው ይናከሳል እንዴ?" አለ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ደም መጣጩ ራሱ ብቅ ሲልም ሰው ይስቅ ነበር።

ስለዚህ ፊልሙን አትቅደሙት። ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ከሆነ የደስታ ተጫወቱ፤ የሚመጣውን እናንተ ብታውቁም እነሱ አያውቁም። ጥላው ደረጃውን ሲወጣ ደግሞ ሦስታችሁም እጃችሁን አንሱ። ዝም በሉ። አዳራሹ ውስጥ የወንበር ሲጢጢታ ብቻ ይሰማ።

ከቅኝቶቻችን አንቺ ሆዬን ምረጡ። ባቲና አምባሰል የአገራችን ስም ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ሰው ቶሎ ሆዱ ይባባል። ኪቦርዱ ላይ ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ ነው። ጂ የለበትም፤ ጆሮ የሚያርፍበት ያጣል። ሲና ኤፍ ሻርፕን አንድ ላይ ዝቅ አድርገሽ ያዢና እዪው። "አንቺ ሆዬ" የሚለውን ዘፈን ግን እንዳትነኩት! የታወቀው ዜማ ከመጣ ሰው ትከሻውን መነቅነቅ ይጀምራል፣ ያውም ደሴ ላይ።

ከበሮውን እንደ ልብ ትርታ መምታት ያማራችሁ ይመስለኛል። ተዉት፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ቆዳውን በጥፍር ቀስ ብላችሁ ፋቁት። ከሬሳ ሣጥኑ ጋር የሚመጡት አይጦች ያን ጊዜ እግራችሁ ሥር ያሉ ይመስላል።

አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አዲስ ነገር መፍጠርም አይጠበቅባችሁም። የዚያ ዘመን የሲኒማ ሙዚቀኞችም አያደርጉትም ነበር። ጁሴፔ ቤቼ የሚባል በርሊን የሚሠራ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ በስሜት የተከፋፈሉ አጫጭር ሙዚቃዎች ያሳትም ነበር። ሙዚቀኛው ለትዕይንቱ የሚስማማውን እየመዘዘ ይጫወታል። እናንተም አምስት ስድስት ቁራጭ አዘጋጁ፤ ለደም መጣጩ ግንብ፣ ለመርከቡ፣ ለሚስትየዋ እያላችሁ። ያው ሰው ሲመለስ ያው ዜማ ይመለስ።

"የፊልሙን ሙዚቃ አበላሻችሁ" የሚል አዋቂ አይጠፋም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1922 በርሊን ሲከፈት ሃንስ ኤርድማን የጻፈለት የኦርኬስትራ ሙዚቃ ነበረው። ከዚያ አብዛኛው ጠፍቷል፤ ዛሬ የምንሰማው በኋላ የተጻፈ ወይም የተጠጋገነ ነው። እንዲህ በይው።

ፊልሙን ለጫናችሁበት ፍላሽ ነገር ተጠንቀቁ። ያኔ ካሜራው የሚዞረው በእጅ ነበር፣ ፍጥነቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ቅጂዎቹ እርዝማኔያቸው ይለያያል። እኛ በአንዱ ተለማምደን በሌላው አሳየን፤ መርከቡ ወደብ ሲደርስ እኔ ገና ግንቡ ውስጥ ነበርኩ። የተለማመዳችሁበትን ፋይል ራሱን ይዛችሁ ኑ። ከፋይሉ ጋር የመጣውን ሙዚቃም አጥፉት።

በመሃል የሚመጡትን ጽሑፎች አንድ ሰው ጮክ ብሎ በአማርኛ ያንብብ። ጃፓኖች ለዚህ ሥራ ቤንሺ የሚባል ባለሙያ ነበራቸው፤ ከተዋናዩ እኩል ዝና ያለው። ሲነበብ ማሲንቆው ብቻ ይቆይ፣ እሱም በቀጭኑ።

ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ ጉም ከኖረ የማሲንቆው ጭራ ይላላል። ሰው ሳይገባ ደርሳችሁ እንደገና ቃኙት።

የኪቦርዱን ትንሽ ስክሪንም በፕላስተር ሸፍኑት። እኔ አልሸፈንኩትም ነበር። ከታች አረንጓዴ ብርሃን ፊቴ ላይ እየበራ፣ ፊት የተቀመጡት ሕፃናት አንሶላውን ትተው እኔን እያዩ ያለቅሱ ነበር።