በሶብላን ቤት ውስጥ ማብቀል፦ ጠይቁኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ። የመስኮቴን በሶብላ ያያችሁ ሁሉ በየፊናችሁ ስትጠይቁኝ ሰነበታችሁ። ለአንዱ የመለስኩትን ለሌላው ከምደግም እዚሁ ሰብሰብ ላድርገው። የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። መጀመሪያ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ አሁን ደግሞ ሜሪላንድ አፓርታማ ውስጥ ነው የማበቅለው። ስንቱን ገድዬ ነው እዚህ የደረስኩት።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ በሶብላ ማለት እዚህ ሱፐርማርኬት ቤዝል የሚሉት ነው ወይስ ሌላ?

መልስ፦ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ኦሲመም ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ለምች የምንጨምቀው ዳማከሴም እዚያው ውስጥ ነው። ሱፐርማርኬት ያለው የጣሊያኑ ነው፤ ቅጠሉ ሰፊና ልስልስ፣ ጥሬውን የሚበላ። የኛ ቅጠሉ አነስ ይላል፣ አበባው ወይን ጠጅ ነው፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። የጣሊያኑን አድርቄ ሽሮ ውስጥ ሞክሬዋለሁ፣ ሽሮው ፒዛ ፒዛ አለኝ። አያያዛቸው ግን ከአንድ ነገር በቀር ያው ነው። እሷም የሚቀጥለው ጥያቄ ላይ አለች።

ጥያቄ፦ ቪዲዮዎቹ ሁሉ «አበባ ሲያወጣ ቁረጡ» ይላሉ። በጋውን ሙሉ ስቆርጥ ከረምኩ። አሁን ቅጠል ብቻ ነው ያለኝ፣ ለቅቤ ብጨምረው እንደ ሀገር ቤቱ አልሆነም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አንተ ምንም አላጠፋህም ወንድሜ፣ ምክሩ ለኛ አልነበረም። ያንን የሚሉት ቅጠሉን የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ቤዝል ካበበ በኋላ ቅጠል ማውጣቱን ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል፣ ስለዚህ ለነሱ አበባ ኪሳራ ነው። እኛ ግን ባልትና ቤት ሄደን የምንገዛው ምኑን ነው? ያንን የደረቀ ራሱን፣ አበባውን ከነዘለላው አይደል? እኛ የምንፈልገውን ነው እነሱ ቁረጡ የሚሉን።

ይሄ ማለት ግን መቀንጠብ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በልጅነቱ መቀንጠብ አለበት። ዝም ብትለው እንደ ሸንበቆ ቀጥ ብሎ አንድ ዘለላ ያወጣና በቃኝ ይላል። ሦስት አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ከአንድ አንጓ ከፍ ብለህ ቀንጥብ። ከዚያች አንጓ ግራና ቀኝ ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል። እነሱም ሲያድጉ እንደገና ቀንጥብ፣ አራት ይሆናሉ። ሁለት ሦስት ዙር እንዲህ ካደረግክ በኋላ እጅህን ሰብስብ፣ ተወው ያብብ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የየራሱን ዘለላ ያወጣልሃል። ዘለላው ከታች ቡናማ መሆን ሲጀምር፣ ጫፉ ላይ ገና አበባ እያለ ነው የምትቆርጠው። አንዷን ዘለላ ብቻ ለዘር አስቀርተህ እስክትደርቅ ጠብቃት።

ጥያቄ፦ ዘሩን ከየት ላምጣ? እናቴ በሻንጣ ብትልክልኝስ?

መልስ፦ ለመትከያ የሚሆን ዘር ያለ ወረቀት አሜሪካ ማስገባት አይቻልም፤ ኤርፖርት ላይ ይወስዱባታል፣ እሷም ትንገላታለች፣ ይቅር። ሐበሻ ሱቅ ገብተሽ ያልተፈጨ፣ ዘለላው እንዳለ የደረቀ በሶብላ ግዢ። መዳፍሽ ላይ አሽተሽ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፊው። በየትንንሿ የአበባ ከረጢት ውስጥ እስከ አራት የምትደርስ ጥቁር ፍሬ ታገኛለሽ። ዕድሜዋ ስለማይታወቅ ብዛት አድርገሽ ዝሪ። ከሃያ አምስት በቅለውልኝ ያውቃሉ፣ ከሃያ አንድም ሳይበቅል ቀርቶ ያውቃል።

ውሃ ሲነካት እንደ ተልባ ትዝለገለጋለች፣ አትደንግጪ፣ ተፈጥሮዋ ነው። አፈሩ ላይ በትነሽ ግማሽ ሴንቲ እንኳ በማትሞላ አፈር ሸፍኛት። ከላይ ፌስታል ጣል አድርጊና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጫት። ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ብቅ ትላለች። ብቅ ስትል ፌስታሉን አንሺ፣ አለበለዚያ ግንዷ ሥሩ ላይ በስብሶ ሌሊቱን ተኝታ ታድራለች።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም ነኝ። በቅሎልኝ ነበር፣ ግን ቀጥኖ ወደ መስኮቱ ተንጋደደ። ብርዱ ነው?

መልስ፦ ጨለማው ነው። እናንተ ጋ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትታየው ስድስት ሰዓት ያህል ነው፣ እሷም ዝቅ ብላ። በሶብላ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ጠንካራ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ወይ ለተክል የሚሆን ኤልኢዲ መብራት ገዝተህ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ከፍታ ላይ ሰቅለህ በቀን ለ12 ወይ ለ14 ሰዓት አብራለት፣ ወይ እስከ መጋቢት ታገስ። እኔ ብሆን እታገሳለሁ። ደግሞ ቅጠሉ የመስኮቱን መስታወት እንዳይነካ፣ የነካው ቦታ ይጠቁራል።

ጥያቄ፦ እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ነኝ፣ ሀገሩ ላይ ሆኜ እንኳ አይበቅልልኝም! ክረምት ይበሰብሳል፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ጠቁሮ አገኘሁት።

መልስ፦ አዲስ አበባ እኮ ደጋ ናት። በሶብላ ሞቅ ያለ ነገር ነው የሚወደው። ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል። ቀን በረንዳ፣ ማታ ቤት ውስጥ። እንደ ጫጩት አስቢው። ክረምት ላይ ከዝናቡ አስጠልይው፣ ውሃውንም ቀንሺ፤ ፀሐይ ሳትኖር የጠጣውን መጨረስ አይችልም። ሰፈሩ ላይ ያለውን ጥቁር ኮትቻ ብቻውን እንዳትጠቀሚ፣ ውሃ ይዞ አይለቅም። ኮምፖስትና ትንሽ አሸዋ ቀላቅይበት። የዘይት ጄሪካን ቆርጠሽ ከሥሩ ብትበሺው ግሩም መትከያ ነው።

ጥያቄ፦ በየቀኑ አጠጣዋለሁ፣ የታችኛው ቅጠሉ ግን ቢጫ ሆነ።

መልስ፦ በየቀኑ ስለምታጠጣው ነዋ። ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተት። ሁለት ሴንቲ ያህል ከደረቀ አጠጣ፣ ካልደረቀ ተወው። ከሥሩ ሳህን ውስጥ የቀረውን ውሃ ድፋው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ ሥሩ እየበሰበሰ ነው፣ ያኔ ውሃ መጨመር ገደል መግፋት ነው።

ጥያቄ፦ የቡና አተላ ጥሩ ማዳበሪያ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ኮምፖስት ውስጥ ገብቶ ከተብላላ አዎ። እንዲሁ ከጀበናው ወደ መትከያው ግን አይሆንም። አድርጌዋለሁ። ላዩ ሻገተ፣ ከሳምንት በኋላ ቤቱን ትንንሽ ጥቁር ትንኝ ወረረው፣ እንግዳ በተቀመጠበት ቡና ስኒ ውስጥ ሲገባ የተሰማኝን አትጠይቁኝ። ማዳበሪያ ራሱ አታብዙ፤ በጣም የጠገበ በሶብላ ቅጠሉ ይወፍራል፣ ሽታው ይሳሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የኔውን ክሽክሽ የሚሉት ትንሽ ተባይ ጨረሰው። ትንሽ በረኪና በውሃ በጥብጬ ልርጨው ወይ?

መልስ፦ ኧረ እማማ፣ በረኪናውን ያርቁት! መጀመሪያ ቧንቧ ሥር ያዙትና በተለይ የቅጠሉን ጀርባ አጠብ አጠብ ያድርጉት። ካልለቀቀ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጥቂት ጠብታ አድርገው ማታ ማታ ይርጩት፣ ጠዋት ደግሞ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። በየሦስት አራት ቀኑ ይድገሙት። የአበባ መድኃኒት የሚሉትን አይግዙ፣ ይሄ ወጥ ውስጥ የሚገባ ነው።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ቅርንጫፍ ብቆርጥ ይበቅላል?

መልስ፦ ይበቅላል፣ ከዘርም ይቀላል። ያላበበ ቅርንጫፍ 10 ሴንቲ ያህል ቁረጪ፣ የታችኛውን ቅጠል አንሺና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁሚው። ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። በአንድ ሁለት ሳምንት ሥር ይሰዳል።

ጥያቄ፦ ካበበ በኋላ እንዴት ላድርቀው? ኦቨን ይሆናል? አንድ መትከያ ለዓመት በርበሬስ ይበቃል?

መልስ፦ ኦቨን አይሆንም፣ ፀሐይም አይሆንም፣ ሽታው ነው የሚተነው። ዘለላውን ከነእንጨቱ አስረሽ ዘቅዝቀሽ ጥላ ውስጥ ስቀይው። እንጨቱ ስታጥፊው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ሳትፈጪው ጠርሙስ ውስጥ ክደኚው። ለዓመት በርበሬ? አይበቃም እህቴ፣ አልዋሽሽም። ከሦስት መትከያ እኔ የማገኘው ሁለት ሦስት ጊዜ ቅቤ ማንጠሪያ ነው፣ ከተረፈ ለሽሮ። በርበሬውን አሁንም ከሀገር ቤት ነው የማስመጣው።

ጥያቄ፦ ድመቴ ትበላዋለች። ይጎዳታል?

መልስ፦ በሶብላው አይጎዳትም። እሷ ናት በሶብላውን የምትጎዳው። ከፍ አድርገሽ ስቀይው።