ፍልስፍናና የካርድ ክፍሉ መስኮት

ጥያቄ፦ ፍልስፍና ተምሬ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ 6 ዓመት ሆኖኛል። ሥራ ያገኘሁት ግን በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ የሕሙማንን ካርድ ሳወጣና ስመልስ እውላለሁ። በጨዋታ መካከል አንድ ሐሳብ ካነሣሁ ባልደረቦቼ «ደግሞ ሊፈላሰፍብን ነው» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት አዛውንት የካርድ ቁጥራቸው የተጻፈበት ወረቀት ጠፍቷቸው መጡ፤ ወረፋው ረዝሞ ስለነበር ተቆጥቼ መለስኋቸው። ማታ ስለ ሰው ልጅ ክብር የተጻፈ ነገር ለማንበብ ስቀመጥ ግን ሐፍረት ተሰማኝ። ፍልስፍና በእርግጥ ሰው የሚኖርበትና ሌላውን የሚያገለግልበት መንገድ ሊሆን ይችላልን? ወይስ ይህን ሥራ ትቼ ማስተማር ብሞክር ይሻለኛል?
ገ. ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ትልቁን ስፍራ የምሰጠው ማታ ለተሰማዎት ሐፍረት ነው፤ ያነበቡት ቃልና ቀን የሠሩት ሥራ ፊት ለፊት የተገናኙት እዚያ ላይ ነውና።

«መፈላሰፍ» ዛሬ በአነጋገራችን ነገር ማወሳሰብ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው «አንጋረ ፈላስፋ» የጠቢባንን ምክር የያዘ፣ ሰው አንደበቱንና ጠባዩን እንዴት እንደሚገዛ የሚያስተምር መጽሐፍ ነበር፤ አባቶቻችን ፈላስፋ ሲሉ የሚያስቡትም እንዲህ ያለውን መካሪ ነው።

በባርነት ኖሮ በኋላ ነፃ የወጣው የጥንቱ ፈላስፋ ኤፒክቴተስ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ድምጥያኖስ ፈላስፎችን ከሮም ባባረረ ጊዜ በግሪክ ወዳለችው ከተማ ወደ ኒቆጶልዮን ሄዶ ያስተምር ነበር። ለተማሪዎቹም የፈላስፋ ትምህርት ቤት የሐኪም ቤት መሆኑን ይነግራቸዋል። አንዱ ትከሻው ወልቆ፣ ሌላው እባጭ ወጥቶበት፣ ሌላው ራሱን አሞት መጥቶ ሳለ መምህሩ ባማረ ንግግር አስጨብጭቦ ቢያሰናብታቸው፣ ባለትከሻው እንደወለቀ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ከትምህርቱ የሚወጣ ሰው ቁስሉ ተነክቶ፣ አሞት መውጣት አለበት ይላል። የእርስዎም ሐፍረት እንዲህ ያለ ሕመም ነው።

ስለ አገልግሎት ለጠየቁት ደግሞ አልበርት ሽዋይትዘርን ላንሣ። በ1875 እ.ኤ.አ. በአልሳስ ተወልዶ፣ በ1899 በጀርመናዊው ፈላስፋ በካንት የሃይማኖት ፍልስፍና ላይ ባዘጋጀው ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘ፣ በኦርጋን ተጫዋችነቱም ስሙ የወጣ ሰው ነበር። ገና በ21 ዓመቱ፣ እስከ 30 ዓመቴ ለዕውቀትና ለሙዚቃ እኖራለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን በቀጥታ ሰውን አገለግላለሁ ብሎ ወስኖ ስለነበር፣ ጊዜው ሲደርስ እንደ ጀማሪ ተማሪ ሕክምና ሊማር ገባ። በ1913 ከባለቤቱ ጋር ዛሬ ጋቦን በምትባለው አገር ወደምትገኘው ላምባሬኔ ደርሶ ሥራውን የጀመረው የዶሮ ቤት በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። በመስከረም 1915 ታማሚ ለማየት በኦጎዌ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲጓዝ፣ ለሥነ ምግባር መሠረት የሚሆን ሐሳብ እየፈለገ የተበታተኑ ዐረፍተ ነገሮችን በወረቀት ላይ ይጭር ነበር። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በጉማሬዎች መካከል ሲያልፉ፣ «ለሕይወት የሚገባ ክብር» የሚለው ቃል ድንገት መጣለት። ይህን ታሪክ የምወደው ሐሳቡ የተገኘው ወደ በሽተኛ በሚወስድ መንገድ ላይ ስለሆነ ነው።

ይሁን እንጂ የሽዋይትዘርን ጉድለት ሳልናገር ባልፍ እርስዎን ማታለል ይሆንብኛል። አፍሪካውያን ወንድሞቼ ናቸው፣ እኔ ግን ታላቅ ወንድማቸው ነኝ የሚል አቋም ነበረው፤ በዚህም በሕይወቱ ሳለም ከሞተ በኋላም በጽኑ ተወቅሷል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ለሕይወት ሁሉ ክብር ይገባል ያለ ሰው፣ ቁስሉን የሚያጥብለትን ሰው እንደ እኩያው ለማየት ተቸገረ። አገልጋይ መድኃኒቱን ወይም ካርዱን በእጁ ስለያዘ ብቻ ከተገልጋዩ ከፍ ያለ ይመስለዋል፤ እርስዎ እኚያን እናት የተቆጡበት ወንበርም ከዚህ የራቀ አይደለም። ፍልስፍና በአገልግሎት ውስጥ ትልቅ ሥራ የሚኖረው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ እኔ የምረዳውን ሰው ከማን አሳንሼ ነው የማየው ብሎ በየቀኑ ራስን መጠየቅ።

ለዚህ የሮማዊውን ፈላስፋ የሴኔካን ልማድ ልጠቁምዎ። ማታ መብራቱ ከክፍሉ ተወስዶ ባለቤቱ ዝም ካለች በኋላ፣ የቀኑን ንግግሩንና ሥራውን አንድ በአንድ ይመረምር፣ የተሳሳተበትን ሲያገኝም «ይህን ዳግመኛ እንዳታደርግ፤ ለአሁኑ ምሬሃለሁ» ይል ነበር። ምሕረቱን አይተዉት፤ ራሱን ሲወቅስ ያደረ ሰው ጠዋት በመስኮቱ በኩል የሚመጣውን ሰው በቀና ፊት መቀበል ያቅተዋል።

ማስተማርን ከወደዱት ይሞክሩት፤ መስኮቱን ለመሸሽ ብለው ግን አይሂዱ፤ በክፍል ውስጥም ወረፋው ሲረዝም የሚያስቆጣዎት ተማሪ አይጠፋምና።

እኚያ እናት ምናልባት ተመልሰው ይመጡ ይሆናል። ቁጥሩ ባይኖርም ስማቸውን ከነአያታቸው፣ ቀበሌያቸውንና መጨረሻ የታከሙበትን ወር ጠይቀው መዝገቡን ቢያገላብጡ ካርዳቸው ሊገኝ ይችላል፤ ሲያገኙትም ቁጥሩን በወፍራም ወረቀት ላይ በጉልህ ጽፈው ይስጧቸው።