ከጓደኛ ጋር የተሠራ ቤት የማን ነው?

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረናል። ቤቱን የሠራነው በሁለታችን ገንዘብ ነው። አሁን ልታገባ ነው። ሦስት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ንብረት ይካፈላል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔንም ይመለከታል?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺን አይመለከትም። ይህ ነገር ያለው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ውስጥ ነው። የሚሠራውም ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ለሚኖሩ ወንድና ሴት ነው። ከጋብቻ በፊት ያፈራችው ንብረትም በመሠረቱ የግሏ ሆኖ ይቀጥላል። ስለዚህ እኔን ያሳሰበኝ ሙሽራው አይደለም።

ያሳሰበኝ ያልጻፍሽው ነው። ካርታው በማን ስም ነው? ብሩን ስታዋጪ ምን ተባብላችሁ ነበር? አንዱንም አልነገርሽኝም። ካርታው በእሷ ስም ብቻ ነው፣ የተፈራረማችሁትም ወረቀት የለም ብዬ እገምታለሁ። ብሳሳት ደስ ይለኛል።

ብዙ ደንበኞች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ያዋጣሽው ብር ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ የቤት ድርሻ? ስጦታ ከተባለ የምትጠይቂው ብዙ የለሽም። ብድር ከተባለ፣ ከ500 ብር በላይ ከሆነ በጽሑፍ፣ ፍርድ ቤት ፊት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። «ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል» ማለት አያዋጣም። ድርሻ ነው ካልሽ ደግሞ የቤት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ፊት መደረግ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይህን ይላል። በባንክ መላክሽም ብሩ መሄዱን እንጂ ለምን እንደሄደ አያሳይም።

ዘጠኝ ዓመት አብረሻት በልተሽ «እንፈራረም» ማለት ይከብዳል። ይሉኝታው ይገባኛል። ግን ክፉ አያሰማሽና አንድ ነገር ብትሆን፣ የሚጠብቁሽ ወራሾቿ ናቸው። ጓደኛ ያለ ኑዛዜ አይወርስም። እነሱ ደግሞ ለአንቺ ይሉኝታ የላቸውም።

ስለዚህ ከሠርጉ በፊት በግልጽ አነጋግሪያት። ድርሻሽን ካመነች፣ አብራችሁ ጠበቃ ዘንድ፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ሂዱ። የባልየው ገንዘብ እድሳት ላይ ከገባ በኋላ ነገሩ ይወሳሰባል። የባንክ ስቴትመንት፣ የሲሚንቶና የብረት ደረሰኝ ሰብስቢ። በቴሌግራም የተጻጻፋችሁትንም እንዳታጠፊ። እምቢ ካለችሽ አትጣዪ፣ ምንም ነገር ላይም አትፈርሚ። ወረቀቶችሽን ይዘሽ በአካል ጠበቃ አማክሪ፤ እኔ ካርታውን ሳላይ ከዚህ በላይ ልነግርሽ አልችልም።