ሜዳ ላይ ለምትውሉ ልጆች

የጅማ የነሐሴ ዝናብ ፋታ አይሰጥም። አምና ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት በዝናብ ጓሮዬን እቆፍር ነበር። በዕድሜዬ የቆፈርኩትና ያስቆፈርኩት የቡና ጉድጓድ ቁጥር የለውም። ልኩን እጄ ያውቀዋል፤ ጎኑ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 60። ያን ቀን ግን 60 አልበቃኝም። ጅብ እንዳያወጣው ብዬ እስከ ወገቤ ወረድኩ። ጉልበቴ እምቢ ሲል አረፍ እላለሁ፤ ጭቃው ሲያዳልጠኝ አካፋውን እመረኮዛለሁ። ስጨርስ ውሻዬን በአሮጌ የዝናብ ካፖርቴ ጠቅልዬ ቀበርኩት። ከላይ ድንጋይ ጫንኩበት። 13 ዓመት አብሮኝ ኖሯል።

ይህን የምጽፈው ፀሐይና ዝናብ ላይ ለምትሠሩ ልጆች ነው። ለልማት ሠራተኞች፣ ለቀያሾች፣ ለመንገድ ሠራተኞች፣ ለደን ጠባቂዎች። ስለ ጡረታ የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ የሚነግራችሁ ስለ ገንዘቡ ነው። እኔ በዋናነት ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ጠዋቱ ነው።

ገበሬ የማማክር የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት በ1972 ዓ.ም.፣ በ20 ዓመቴ ነው። ያኔ የቡና ፍሬ በሽታ የገበሬውን እንቅልፍ ነስቶ ነበር። በሽታው አገራችን ውስጥ የታየው በ1963 ዓ.ም. ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ ይጠቁርና ይረግፋል። ገበሬው የዓመት ልፋቱን ከዛፉ ሥር ይለቅመዋል። እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ቡናዎችን መርጠው አወጡ። 74110፣ 74112፣ 74140 የሚባሉት ናቸው። 74 ማለት በፈረንጆች 1974 የተመረጠ ማለት ነው። ቁጥሩ ስም ሆኖ ቀረ። ዛሬም ማናና ጎማ ወረዳዎች ብትሄዱ ገበሬው ቡናውን በቁጥር ይጠራላችኋል። እኔ የዚያን ችግኝ ነገር ለገበሬው ሳስረዳ ነው ያረጀሁት። ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ፣ ጌራ፤ ዳገቱን በእግር፣ ጭቃው ሲብስ በበቅሎ።

ውሻውን ያገኘሁት በ2004 ዓ.ም. ጎማ ውስጥ ነው። አንድ ገበሬ በጆንያ ቁራጭ ጠቅልለው ሰጡኝ። መዳፍ የምታህል ቡችላ ነበረች ልበላችሁ፤ ግን ወንድ ነው። በዚያ ሰሞን ከዳገት ወድቄ ጉልበቴ ተጎድቶ ነበር። ባለቤቴ ስሙን «አይዞህ» አለችው። አባቶቻችን በውሻ ስም ለመንደሩ መልእክት ይልኩ እንደነበር ታውቃላችሁ። ቅሬታም፣ ምሬትም፣ ተስፋም በውሻ ስም ይነገራል። የእኛ መልእክት ግን ለጎረቤት አልነበረም። ለእኔ ነበር። በቀን ሃያ ጊዜ «አይዞህ! አይዞህ!» ሲባል እሰማ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. 60 ሞላኝና ወጣሁ። መሸኛ ተደረገልኝ፤ ካባ ለበስኩ፤ ፎቶ ተነሣን። በሚቀጥለው ሰኞ 12 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ቦት ጫማዬን አጠለቅኩ። ማሰሪያውን አሰርኩ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። የምሄድበት የለኝም። 40 ዓመት ሙሉ «ዛሬ የት ልሂድ?» ብዬ አስቤ አላውቅም። የሚጠብቀኝ ገበሬ አለ፣ የሚታይ ችግኝ አለ፣ እሄዳለሁ። ያን ጠዋት ግን የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም።

አይዞህ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ጆሮውን ቀጥ አድርጎ። ጫማ ካሠርኩ መሄድ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ያንን ነው። ተነሣሁ። ወደ ጅሬን ዳገት ወጣን። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩ ከተማው በጉም ውስጥ ቀስ እያለ ይገለጣል። ያን ቀን ብዙ ቆየን። ከዚያ በኋላ 5 ዓመት ያህል አንድም ጠዋት አልቀረንም። አንዳንዴ ጅሬን፣ አንዳንዴ በአወቱ ወንዝ ዳር፣ አንዳንዴ እስከ ቦዬ። ቦዬ ስንደርስ በገመድ እይዘዋለሁ፤ ረግረጉ ውስጥ ጉማሬ አለ።

አብረውኝ ጡረታ የወጡ ጓደኞች አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና እንጠጣለን። አንዱ ቀያሽ ነበር። አሁንም መንገድ ዳር ሲቀመጥ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የስልክ እንጨቶቹን መስመር ያያል። ሌላው መንገድ ሥራ ፎርማን ነበር፤ ዝናብ ሲጥል «ቦዩ ተደፍኗል» ብሎ ይነሣል። ሦስተኛው የደን ጥበቃ ነበር። እሱ ከቤት መውጣት ትቷል። ልጆቹ ቴሌቪዥን ገዙለት። ከሦስታችን በፊት ጉልበቱ የታሰረው እሱ ነው። ያን ሁሉ ጫካ ያዳረሰ ሰው ዛሬ ከበሩ እስከ አጥሩ ዱላ ይዞ ነው የሚሄደው። ይህን ስጽፍ ሆዴ ይባባል።

ስለ ሰውነታችሁም ልንገራችሁ። እኔና ውሻዬ አብረን ነው ያረጀነው። እኔ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ባደረግኩበት ዓመት የእሱም ዓይን ደመና ለበሰ። ሐኪሙ «ፀሐይ ላይ ስትሠሩ ባርኔጣ ታደርጉ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አላደርግም ነበር። ባርኔጣ የሰነፍ ይመስለን ነበር። ለዓመታት ያለ መከላከያ ፀሐይ ላይ መዋል ለዓይን ሞራ እንደሚያጋልጥ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሰፊ ባርኔጣ አድርጉ። የፀሐይ መነጽር ማድረግ መሽቀርቀር አይደለም። ቁልቁለት ስትወርዱ ዱላ ያዙ፤ ጉልበትን የሚጎዳው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው። ገበሬ ግቢ የምትገቡ ደግሞ ውሻ ከነከሳችሁ «ትንሽ ጭረት ናት» ብላችሁ አትለፉ። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የራሳችሁ ውሻ ካለ በየዓመቱ አስከትቡት። የአይዞህ የክትባት ካርድ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ገንዘቡንም ጨርሶ አልዘለውም። እኔ በወጣሁበት ሕግ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት የመጨረሻው 3 ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 ነው። በ40 ዓመቴ 67.5 ሊታሰብልኝ ሲገባ 65 ተሰላልኝ። የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ደብዳቤ ከፋይሌ ጠፍቶ ነው። ያጠፋው መሥሪያ ቤት «አንተ ኮፒ የለህም?» አለኝ። አልነበረኝም። የቅጥር ደብዳቤያችሁን፣ የዝውውር ደብዳቤያችሁን፣ እያንዳንዷን ወረቀት ኮፒ አድርጋችሁ ቤት አስቀምጡ። በቀን ሂሳብ የምትሠሩና የጡረታ 7 በመቶ የማይቆረጥላችሁ ደግሞ የሚጠብቃችሁ ጡረታ የለም። እቁብም ሆነ ባንክ፣ ከዛሬ ጀምሩ።

ወደ አይዞህ ልመለስ።

ባለፈው ዓመት የኋላ እግሮቹ ከዱት። መጀመሪያ ዳገቱን ተውን። ቀጥሎ አወቱን ተውን። በመጨረሻ እስከ አጥሩ በር ድረስ ተሸክሜው እወጣ ነበር። እዚያ አስቀምጠዋለሁ፤ አላፊ አግዳሚውን ያሸታል፤ እንመለሳለን። የእንስሳት ሐኪሙ «ዕድሜው ነው» አለ። ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ሌሊት እግሬ ሥር ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ቆመ።

ከቀበርኩት በኋላ ለማንም መናገር አፈርኩ። ሰው ልጁን፣ እናቱን በሚቀብርበት አገር ለውሻ ይለቀሳል? ባለቤቴ ማታ የእራት ትራፊውን በሳህኑ ይዛ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሳህኑን እንደያዘች ብዙ ቆመች። ምንም አላልኳትም። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ሐጂ መጡ። ሐጂ በሃይማኖታቸው ምክንያት ውሻ አይነኩም። ግን 13 ዓመት ሙሉ ወደ መስጊድ ሲሄዱ ከማዶ «አይዞህ!» ብለው ሳይጠሩት አልፈው አያውቁም። አጠገቤ ተቀመጡ። «ወንድሜ፣ ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣን ሰው አላህ ወንጀሉን እንደማረው በሐዲስ አለ» አሉኝ። «አንተ 13 ዓመት አጠጥተኸዋል።» ከዚያ ትከሻዬን ይዘው በኦሮምኛ «ጃባዱ» አሉኝ። ጃባዱ ማለት በእኛ አይዞህ ነው። ያኔ አለቀስኩ። ሐጂ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ። ቀለለኝ። ልጆቼ፣ የምትወዱት እንስሳ ሲሞት ለሚያምናችሁ ሰው ተናገሩ። የሚስቅባችሁ ካለ ይሳቅ።

ቀጥሎ የመጣውን ግን አልጠበቅኩትም ነበር። ከቤት መውጣት ተውኩ። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። ጠዋት እነቃለሁ፤ ግድግዳውን አያለሁ። የደም ግፊቴ ከፍ አለ። ልጄ «አባዬ፣ ሌላ ቡችላ እናምጣልህ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። 40 ዓመት ከአልጋ ያስነሣኝ ሥራው ነው። ቀጥሎ 5 ዓመት ያስነሣኝ ውሻው ነው። የራሴ የምለው የጠዋት ምክንያት አብጅቼ አላውቅም። ሜዳ ላይ ስለምውል ሁሉ ነገር ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ጓደኛ ሥራው ይሰጠኛል፣ እንቅስቃሴም ሥራው ይሰጠኛል፣ ክብርም ከሥራው ነው። እናንተም እንደዚያው እየኖራችሁ እንደሆነ አያለሁ። ስለዚህ ደመወዝ የማይከፈልበት፣ አለቃ የማይፈርምበት፣ ግን እናንተ ካልሄዳችሁ የሚጎድል አንድ ነገር ያዙ። ዕድርም ይሁን፣ ንብ ማነብም ይሁን፣ የሰፈር ልጆች ማስጠናትም ይሁን። ደግሞ በ60 ዓመታችሁ አትጀምሩት። በ30 ጀምሩት። በ60 ሲጀመር እንዴት እንደሚከብድ እኔ አሁን እያየሁት ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የልማት ሠራተኛ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ገበሬዎቹ ጉንደላ አንቀበልም አሉኝ» አለኝ። ጉንደላ ማለት ያረጀ ቡና እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ግንዱን ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ነው። አልፈረድኩባቸውም። ያረጀ ቡና ሲጎነደል ገበሬው 2 ዓመት ያህል ምርት ያጣል። ዓይኑ እያየ የሚያበላውን ዛፍ ቁረጥ ስትሉት በጆሮው ብቻ አያምንም፤ ማየት አለበት። ጓሮዬ ውስጥ 12 ያረጁ ቡናዎች አሉ። ለሰው ጎንድሉ እያልኩ የራሴን ሳልነካ ስንት ዓመት አለፈ። ጥር ነው፤ ምርቱም ተለቅሟል፤ ጊዜው አሁን ነው። ልጁን አስነሣሁትና መጋዝ አመጣሁ። ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ለክተን፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርገን፣ ስድስቱን ቆረጥን። ስድስቱን ለማነጻጸሪያ ተውናቸው። ሲያቆጠቁጡ ገበሬዎቹን ጠርተን እናሳያለን።

ነገ ጠዋት ማና ያሉ ገበሬዎች ጋ አብሬው እሄዳለሁ። ሞተር አለው፤ 12 ሰዓት ላይ ይመጣል። ከአስፋልቱ በኋላ ያለውን መንገድ በእግር ነው የምንሄደው ብዬዋለሁ፤ ሞተሩን መንደሩ መግቢያ ላይ እናቆመዋለን። ቦት ጫማዬን ዛሬ ማታ ቀብቼ በሩ ጋ አስቀምጫለሁ።